«አማረ» እና «አማረኝ»

ጥያቄ፦ «ጠላ አማረኝ» እንላለን፤ «ቅኔው አማረ»ም እንላለን። ግሡ አንድ ከሆነ ደስታውም አንድ ነውን? «ቅኔው አማረኝ» ማለትስ ያስኬዳል? (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ ግሡ አንድ ነው፤ ልዩነቱን የሚያመጣው ተሳቢውን የሚያመለክተው «ኝ» ነው። «አማረኝ» ያለ ሰው የሚናገረው ስለ ራሱ ነው፤ ጠላው ገና ያልተጠመቀ ሊሆን ይችላል። «አምሮት» የሚለው ስምም ይህንኑ ፍላጎት ስለሚያመለክት፣ ሰው ጠጥቶ ሲረካ «አምሮቴን ተወጣሁ» ይላል። «አማረ» ግን ነገሩ ታይቶ ወይም ተሰምቶ የሚሰጥ ፍርድ ነው። «የጢስ ዓባይን ውበት ተወጣሁት» የሚል ጎጃሜ አልሰማሁም፤ «አይቼ አልጠገብሁትም» የሚለው ግን ብዙ ነው።

ጀርመናዊው ፈላስፋ ኢማኑኤል ካንት እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው መጽሐፍ ለስሜት የሚጥመውን ከውቡ የለየው ለዚህ በቀረበ መንገድ ነው፤ እንደ እርሱ አባባል፣ በውበት የሚደሰት ሰው ደስታው ነገሩን የራሱ ከማድረግ ፍላጎት የመጣ አይደለም፣ ፍርዱንም ሌላው ሁሉ እንዲጋራው ይጠብቃል። ለእኔ ሁለተኛው ነጥብ ይበልጥብኛል። ጌሾ የበዛበት ጠላ «አይጥመኝም» የሚልን ሰው ምክንያት የሚጠይቀው የለም፤ በዋሸራ ወይም በጎንጅ ቅኔ ቤት «ይህ ጉባኤ ቃና አላማረም» ያለ ተማሪ ግን ሰሙ ከወርቁ የተጣላው የት ላይ እንደ ሆነ፣ ወይም (ጉባኤ ቃና ባለ ሁለት ቤት፣ ማለትም ባለ ሁለት ስንኝ፣ ቅኔ ነውና) ከሁለቱ ቤቶች የትኛው ልኩን እንደ ሳተ ማሳየት ይኖርበታል። ቅኔው ሲያምርም ሰሚው ወርቁ እንደ ገባው «ይበል!» ይላል እንጂ «ደስ አለኝ» አይልም። ደስ ሳይለው ቀርቶ አይደለም፤ ነገር ግን በቃሉ ውስጥ «እኔ» የሚል ምልክት የለም፣ ምስጋናው በሙሉ ወደ ተነገረው ቅኔና ወደ ተናጋሪው ይሄዳል። «ይበል የሚያሰኝ» የምንለው የዕለት ተዕለት አነጋገርም ይህንኑ ጠባይ ይዟል።

ስለዚህ ቅኔውን ሰምተው ለማድነቅ «ቅኔው አማረኝ» ቢሉ አያስኬድም። ከጉባኤው ርቆ የኖረ ሰው ግን «ቅኔ አማረኝ» ቢል ትክክል ነው፤ የናፈቀውን መናገሩ ነውና። የተቀኘው ሰው ደግሞ «አማረልኝ» ሊል ይችላል፤ ይህ ሥራው የሰመረለት ሰው ደስታ ስለሆነ ከአምሮትም ከአድናቆትም የተለየ ነው።