የጣሊያንኛ ግሥ ርባታ፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ለዚህ እትም ከደረሱን ጥያቄዎች መካከል ደጋግመው የመጡትን መርጠናል። ጣሊያንኛውን የጻፍነው በፊደላችን ነው። ፊደላችን ግን ጥብቀትን አያሳይም። ስለዚህ የሚጠብቀውን ተነባቢ ሁለት ጊዜ ጽፈነዋል፤ «ፓርላምሞ» ሲል «ሞ» ጠብቆ ይነበብ። ይህን ልብ ይበሉ፤ ከታች ትርጉም የሚለወጥበት ቦታ አለ።

ጥያቄ፦ ለጣሊያን ዜግነት የቋንቋ ፈተና እየተዘጋጀሁ ነው። የገዛሁት የሰዋስው መጽሐፍ ለአንድ ግሥ 21 ሰንጠረዥ ደርድሯል። ሁሉንም በቃሌ መያዝ አለብኝ? (ከሚላኖ)

መልስ፦ የለብዎትም። 21ዱ በ7 ስልት (ሞዶ) የተከፈሉ ናቸው። ከእነዚህ 9ኙ ድርብ ጊዜያት ስለሆኑ ረዳት ግሥ ከአንድ ቦዝ ቃል (ከግሡ ወጥቶ በመደብ ከማይረባ ቃል) ጋር በማጣመር ይሠራሉ። «ፓርላቶ» የሚለውን ቦዝ ቃልና «አቬሬ» (አለኝ ማለት) የሚባለውን ረዳት ግሥ ርባታ የያዘ ሰው ዘጠኙን ሳያጠና ያገኛቸዋል። ከ2018 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ለዜግነት የሚጠየቀው ደረጃ ቢ-1 (መካከለኛ ደረጃ) ነው። ለዚያ ደረጃ የምንመክረው ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ የአሁን ጊዜ፣ ፓስሳቶ ፕሮስሲሞ (የቅርብ ያለፈ ጊዜ)፣ ኢምፔርፌትቶ (ሲደረግ የነበረ ያለፈ ጊዜ)፣ የወደፊት ጊዜ፣ ኮንዲዚዮናሌ (ሁኔታዊ ስልት)፣ ትእዛዝ፤ በመጨረሻ ኮንጁንቲቮ (ዘንድ አንቀጽ)። ፓስሳቶ ሬሞቶን (የሩቅ ያለፈ ጊዜን፦ ፓርላይ፣ ፓርላስቲ፣ ፓርሎ፣ ፓርላምሞ፣ ፓርላስቴ፣ ፓርላሮኖ) ሲያነቡ የሚያውቁት ያህል ይበቃል። በሰሜን ጣሊያን በአፍ ንግግር ብዙም አይሰሙትም።

በቅኔ ቤት «ቀተለ» እና «ቀደሰ» ርእስ ሆነው ሌላው ግሥ በእነሱ ቤት ይረባል። ጣሊያንኛም እንዲሁ ሦስት ቤት አለው፦ የ«አሬ» (ፓርላሬ፣ መናገር)፣ የ«ኤሬ» (ቬንዴሬ፣ መሸጥ) እና የ«ኢሬ» (ዶርሚሬ፣ መተኛት)። መጨረሻውን ቆርጠው በግንዱ ላይ ይቀጥሉ።

ፓርሎ፣ ፓርሊ፣ ፓርላ፣ ፓርሊያሞ፣ ፓርላቴ፣ ፓርላኖ።
ቬንዶ፣ ቬንዲ፣ ቬንዴ፣ ቬንዲያሞ፣ ቬንዴቴ፣ ቬንዶኖ።
ዶርሞ፣ ዶርሚ፣ ዶርሜ፣ ዶርሚያሞ፣ ዶርሚቴ፣ ዶርሞኖ።

«እኔ»፣ «አንተ/አንቺ» እና «እኛ» በሦስቱም ቤት አንድ ናቸው፦ ኦ፣ ኢ፣ ኢያሞ። ልዩነቱ ያለው በቀሩት ሦስት መደቦች ብቻ ነው። ባለቤቱን በግሡ መጨረሻ መለየት ለአማርኛ ተናጋሪ አዲስ ነገር አይደለም። «ሄድኩ» ስንል «እኔ» እንደማያስፈልግ ሁሉ «ኢዮ ፓርሎ» ማለትም አብዛኛውን ጊዜ ትርፍ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው «እነሱ» በሚለው መደብ አነባበብ ነው። ጫናው (ድምፁ ጎላ የሚልበት ቦታ) የሚያርፈው በ«እኔ» ላይ ባረፈበት ክፍለ ቃል ነው። «አቢቶ» (እኖራለሁ) ሲባል ጫናው «አ» ላይ ነው፤ «አቢታኖ»ም «አ» ላይ ይጫናል። «ታ»ን ጫን አድርጎ የሚያነብ ሰው ከአፉ ገና ሲወጣ ይታወቅበታል።

ጥያቄ፦ «ፓርላቮ» እና «ኦ ፓርላቶ» ሁለቱም ያለፈ ጊዜ ናቸው። መቼ የትኛውን ልጠቀም? (ከቦሎኛ)

መልስ፦ አማርኛው መንገዱን ያሳይዎታል። «እናገር ነበር» የሚሉበት ቦታ ኢምፔርፌትቶ (ፓርላቮ)፣ «ተናገርኩ» ወይም «ተናግሬአለሁ» የሚሉበት ፓስሳቶ ፕሮስሲሞ (ኦ ፓርላቶ)፣ «ተናግሬ ነበር» የሚሉበት ደግሞ ትራፓስሳቶ (አቬቮ ፓርላቶ) ይሆናል። ሙሉ በሙሉ አይገጥምም፤ ከአሥሩ ስምንቱን ግን ያድናል።

አሠራሩን በተመለከተ ኢምፔርፌትቶ ከሁሉም ቀላሉ ነው። ከግሡ መጨረሻ «ሬ»ን ብቻ ቆርጠው ቮ፣ ቪ፣ ቫ፣ ቫሞ፣ ቫቴ፣ ቫኖ ይቀጥሉ፦ ፓርላ-ቮ፣ ቬንዴ-ቮ፣ ዶርሚ-ቮ። ለሦስቱም ቤት አንድ ነው። ለፓስሳቶ ፕሮስሲሞ አሬ ወደ አቶ፣ ኤሬ ወደ ኡቶ፣ ኢሬ ወደ ኢቶ ይለወጣል፦ ፓርላቶ፣ ቬንዱቶ፣ ዶርሚቶ።

ችግር የሚፈጥረው ረዳቱ ነው። «አርሪቫሬ» (መድረስ)፣ «ፓርቲሬ» (መነሳት)፣ «ኤንትራሬ» (መግባት) እና «ቶርናሬ» (መመለስ) የሚረቡት በሁለተኛው ረዳት፣ በ«ኤስሴሬ» (መሆን) ነው። ያኔ ቦዙ ቃል ጾታና ቁጥር ይከተላል፦ ወንድ «ሶኖ አርሪቫቶ»፣ ሴት «ሶኖ አርሪቫታ»፣ ብዙ ወንዶች ወይም ወንድና ሴት ተደባልቀው «ሲያሞ አርሪቫቲ»፣ ሴቶች ብቻ ሲሆኑ «ሲያሞ አርሪቫቴ»። «ኦ አርሪቫቶ» ስሕተት ነው። «እንቅስቃሴ ከሆነ ኤስሴሬ» የሚለውን ደንብ ግን አይመኑት። «ካምሚናሬ» (በእግር መሄድ) እና «ቪያጅጃሬ» (መጓዝ) እንቅስቃሴ ሆነው ሳለ የሚረቡት በ«አቬሬ» ነው። «ካምሚናሬ» አካሄዱን እንጂ መድረሻውን አይናገርም። ቦታ የሚለውጡት፣ ማለትም የሚደርሱት፣ የሚነሱት፣ የሚገቡት፣ የሚመለሱት ናቸው ኤስሴሬን የሚይዙት።

ጥያቄ፦ «ፑሊሬ» (ማጽዳት) ብዬ «ኢዮ ፑሎ» ስል አሠሪዬ «ፑሊስኮ» ብላ ታርመኛለች። ታዲያ «ዶርሚስኮ» ለምን አይባልም? (ከሮም)

መልስ፦ የ«ኢሬ» ቤት ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው «ዶርሞ» የሚለው ነው፤ ሁለተኛው በመካከል «ኢስክ» ያስገባል፦ ፑሊስኮ፣ ፑሊሽሺ፣ ፑሊሽሼ፣ ፑሊያሞ፣ ፑሊቴ፣ ፑሊስኮኖ። «እኛ» እና «እናንተ» ላይ እንደማይገባ ያስተውሉ። በኢምፔርፌትቶና በወደፊት ጊዜም አይገባም፤ «ፑሊቮ»፣ «ፑሊሮ» ነው።

የቱ የት እንደሚገባ ለመገመት ከ«ኢሬ» በፊት ያለውን ይመልከቱ። አናባቢና አንድ ተነባቢ ከሆነ (ፑል፣ ካፕ፣ ፊን፣ ስፔድ) «ኢስክ» ይገባል። ሁለት ተነባቢ ከተከታተሉ (ዶርም፣ ፓርት፣ ሴንት፣ ሴርቭ፣ አፕር) አይገባም። ያፈነገጡም አሉ፦ «ፎርኒሬ» (ማቅረብ)፣ «ጄስቲሬ» (ማስተዳደር) እና «ጋራንቲሬ» (ዋስትና መስጠት) ሁለት ተነባቢ ይዘው «ኢስኮ» ይላሉ፤ «ኩቺሬ» (መስፋት) ደግሞ በአንድ ተነባቢ «ኩቾ» ነው። እነዚህን ለብቻቸው ይያዟቸው።

ጥያቄ፦ ሳወራ ችግር የለብኝም፤ ስጽፍ ግን «ፓጋሬ» (መክፈል) እና «ማንጃሬ» (መብላት) ላይ መምህሩ ቀይ ያሰምርብኛል። (ከጄኖቫ)

መልስ፦ ጆሮዎ ትክክል ነው፤ እጅዎ ነው የሳተው። በ«አሬ» ቤት ድምፁ እንዲጸና ጽሑፉ ይለወጣል። «ፓጎ»፣ «ፓጊ»፣ «ፓጊያሞ» ሲባል «ግ» በሁሉም ስለሚጸና ከ«ኢ» እና ከ«ኤ» በፊት «አክካ» የሚባለውን ድምፅ የለሽ ፊደል ያስገባሉ። በ«ፓጌሮ» (እከፍላለሁ፣ ወደፊት) ላይም ይገባል። «ማንጃሬ» የተገላቢጦሽ ነው። በጽሑፍ ላይ ከ«ጅ» ጋር የምትሄደው «ኢ» በ«ማንጂ» ላይ አትደገምም፣ በ«ማንጄሮ» ላይም ትወድቃለች።

በ«ኤሬ» ቤት ደግሞ ጽሑፉ ይጸናል፣ ድምፁ ይለወጣል፦ ሌግጎ (አነባለሁ)፣ ሌጅጂ፣ ሌጅጄ፣ ሌጅጂያሞ፣ ሌጅጄቴ፣ ሌግጎኖ። እዚህ «አክካ» የሚጨምር ሰው ቃሉን ያበላሸዋል። (የ«ሌጅጄሬ» አሁን ጊዜ ደንበኛ ነው፤ ቦዙ ቃል ግን «ሌትቶ» ነው።)

ጋራዥ ውስጥ «ካምቢዮ» የምንለው ቃልም እግረ መንገዱን ይነሳ። እንደ ስም ማርሽ ነው፤ እንደ ግሥ «እለውጣለሁ» ማለት ነው። «ካምቢያሬ» ከሚለው «ካምቢዮ፣ ካምቢ፣ ካምቢያ» ይረባል፤ ለ«አንተ» በአንዲት «ኢ» ብቻ ይጻፋል።

ጥያቄ፦ የምንከባከባቸውን አዛውንት «አስፔትታ» (ጠብቅ) አልኳቸው፤ ልጃቸው «አስፔትቲ በይ» አለችኝ። «አስፔትቲ» ለ«አንተ» አይደለም እንዴ? (ከቶሪኖ)

መልስ፦ ሁለቱም «አስፔትቲ» ይባላሉ፤ ሥራቸው ግን የተለያየ ነው። «ቱ አስፔትቲ» (ትጠብቃለህ) የአሁን ጊዜ ሲሆን፣ ለአክብሮት የሚሰጠው ትእዛዝ «አስፔትቲ!» የተወሰደው ከኮንጁንቲቮ ነው፤ ኮንጁንቲቮ ማለት በእኛ ሰዋስው «ዘንድ አንቀጽ» ከሚባለው (እንደ «ይጠብቅ» ካለው) ጋር የሚቀራረበው ስልት ነው። አማርኛም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ለአንቱታ «ይጠብቁ» ስንል «እነሱ ይጠብቁ» የሚለውን ቃል ነው የምንዋሰው። ጣሊያን ደግሞ የሚዋሰው ከ«እሷ» ነው፤ «ሌይ» የሚባለው ለዚህ ነው፤ ወንድ ቢሆኑም ያው ነው።

የአናባቢው ልውውጥ እንዲህ ነው። «አሬ» ለቅርብ ሰው «አ»፣ ለአክብሮት «ኢ»፦ አስፔትታ፣ አስፔትቲ። ሁለቱ ሌሎች ቤቶች ለቅርብ «ኢ»፣ ለአክብሮት «አ»፦ ዶርሚ፣ ዶርማ፤ ፊኒሽሺ፣ ፊኒስካ። ክልከላ ሲሆን ለቅርብ ሰው ግሡ እንዳለ ይቀመጣል፦ «ኖን አስፔትታሬ»፤ ለአክብሮት ግን «ኖን አስፔትቲ»። ተሳቢውም ቦታ ይቀይራል፦ «አስኮልታሚ» (ስማኝ)፣ ነገር ግን «ሚ አስኮልቲ» (ይስሙኝ)።

ይህን የያዘ ሰው ኮንጁንቲቮን ግማሹን ጨረሰ፦ ኬ ፓርሊ፣ ፓርሊ፣ ፓርሊ፣ ፓርሊያሞ፣ ፓርሊያቴ፣ ፓርሊኖ፤ ኬ ቬንዳ፣ ቬንዳ፣ ቬንዳ፣ ቬንዲያሞ፣ ቬንዲያቴ፣ ቬንዳኖ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ስለማይለያዩ ማን እንደሆነ በዐውዱ ግልጽ ካልሆነ እዚህ ላይ «ኢዮ»፣ «ቱ»፣ «ሉይ» ማለት ያስፈልጋል። «ፔንሶ ኬ ሉይ ዶርማ» (ተኝቷል ብዬ አስባለሁ)።

ጥያቄ፦ «ፓርሌሬሞ» እና «ፓርሌሬምሞ» አንድ አይደሉም? ደግሞ «ብዙ ብሠራ» ለማለት «ሴ ላቮሬሬይ ዲ ፒዩ» ማለት ለምን ስሕተት ሆነ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ አንድ አይደሉም፤ «ገና» ላልቶና ጠብቆ እንደሚለያይ ያህል ይለያያሉ። ላልቶ «ፓርሌሬሞ» «እንናገራለን» ነው፤ ጠብቆ «ፓርሌሬምሞ» «በተናገርን ነበር»። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ይህን ለመስማት ወራት ይፈጅበታል፤ እርስዎ ከልጅነትዎ ጀምሮ ይሰሙታል። ጣጣው በጽሑፍ ነው፤ አንድ ፊደል ከጎደለ ትርጉሙ ይዞራል።

የወደፊት ጊዜና የኮንዲዚዮናሌ ግንድ አንድ ነው። በ«አሬ» ቤት «አ» ወደ «ኤ» ይዞራል፤ «ፓርላሮ» አይባልም።

ፓርሌሮ፣ ፓርሌራይ፣ ፓርሌራ፣ ፓርሌሬሞ፣ ፓርሌሬቴ፣ ፓርሌራንኖ።
ፓርሌሬይ፣ ፓርሌሬስቲ፣ ፓርሌሬብቤ፣ ፓርሌሬምሞ፣ ፓርሌሬስቴ፣ ፓርሌሬብቤሮ።

ወደ «ሴ» (ወደ እኛ «ብ») እንምጣ። «ብሠራ ኖሮ» የሚለው ጎን የሚይዘው ኮንዲዚዮናሌን ሳይሆን የኮንጁንቲቮን ኢምፔርፌትቶ ነው፤ ኮንዲዚዮናሌ የሚገባው በውጤቱ ጎን ነው፦ «ሴ ላቮራስሲ ዲ ፒዩ፣ ጓዳኜሬይ ዲ ፒዩ» (ብዙ ብሠራ ብዙ አገኝ ነበር)። አማርኛም «ብ» በአንድ ወገን፣ «ነበር» በሌላው ወገን ያደርጋል። ርባታው እንደ ኢምፔርፌትቶ «ሬ»ን ቆርጦ ነው፦ ላቮራ-ስሲ፣ ላቮራ-ስሲ፣ ላቮራ-ስሴ፣ ላቮራ-ስሲሞ፣ ላቮራ-ስቴ፣ ላቮራ-ስሴሮ። «ላቮራስሲሞ» ሲባል ጫናው «ራ» ላይ ይቀራል እንጂ ወደ «ሲ» አይሄድም። ጣሊያኖች ራሳቸው «ሴ» ካሉ በኋላ ኮንዲዚዮናሌ ሲያስገቡ ይሰማሉ፤ ትምህርት ቤት ውስጥ የሚቀለድበት ስሕተት ነው። ፈተና ላይ ግን ነጥብ ያስቀንሳል።