ሁሉም አረንጓዴ፣ ማንም ግን አልገባም

ጥያቄ፦ በጄሜትር (ብዙ ተጠቃሚ አስመስሎ ድረ ገጽን በሚፈትን መሣሪያ) 50 ተጠቃሚዎች ወደ መሸጫ ድረ ገጻችን ገብተው ዕቃ እንዲያዝዙ አደረግሁ። ውጤቱ ሁሉ አረንጓዴ ነው፤ ኮዱም 200 ይላል። ዳታቤዙ ውስጥ ግን አንድም ትዕዛዝ የለም። ኩኪ ማኔጀር (ሰርቨሩ የገባውን ሰው የሚያውቅበትን ምልክት፣ ኩኪን፣ የሚይዘውን) ጨምሬያለሁ። ምን ጎደለኝ?

መልስ፦ ዳታቤዙን ማየትዎ ደግ አደረጉ። አረንጓዴውን አይቶ ሪፖርቱን ለአለቃው የሚልክ ብዙ ነው። 200 ማለት ሰርቨሩ አንድ ገጽ መለሰ ማለት ብቻ ነው። ያልገባን ሰው ሰርቨሩ በ302 («ወደ ሌላ ገጽ ሂድ» በሚለው ኮድ) ወደ መግቢያው ገጽ ይመልሰዋል፤ ጄሜትርም ተከትሎ ይሄድና ያንን ገጽ በ200 ይቀበላል። 50ዎቹ ተጠቃሚዎችዎ ደጅ ቆመው የበሩን ፍጥነት ሲለኩ ውለዋል።

ተጠቃሚውን ወደ 1 ያውርዱና ቪው ሪዛልትስ ትሪን (የእያንዳንዱን ጥያቄና መልስ ዝርዝር የሚያሳየውን) ይክፈቱ። ሰርቨሩ ለመግቢያው ጥያቄ በሰጠው መልስ ውስጥ «ሴት ኩኪ» (Set-Cookie) የሚለውን መስመር ይፈልጉ፤ ከዚያ የሚቀጥለው ጥያቄ ያንኑ ኩኪ ይዞ መሄዱን ያመሳክሩ።

ኩኪው ከሰርቨሩ መጥቶ በሚቀጥለው ጥያቄ ካልሄደ፣ ኩኪ ማኔጀሩ የተቀመጠው በአንድ ጥያቄ ሥር ይሆናል፤ ወደ ትሬድ ግሩፑ (ሁሉንም ጥያቄዎች ወደሚያቅፈው ክፍል) ያውጡት። ኩኪው «ሴኪዩር» የሚል ምልክት ካለውና የሚፈትኑት በኤችቲቲፒኤስ ካልሆነም አይላክም። መግቢያውን አንድ ጊዜ ብቻ እንዲሠራ አድርገው ኩኪው በየዙሩ እንዲጠፋ ካዘዙ ደግሞ ከሁለተኛው ዙር ጀምሮ ሁሉም ውጭ ናቸው።

ኩኪው በትክክል እየሄደ ተጠቃሚው ካልገባ፣ እኔ የምጠረጥረው በመግቢያው ቅጽ ውስጥ የተደበቀውን ቶከን (ሰርቨሩ በየጊዜው አዲስ የሚሰጠውን የማረጋገጫ ኮድ) ነው። ስክሪፕቱን ሲቀዱ የያዙት ቶከን የዚያን ጊዜ ነው፤ ዛሬ አይሠራም። መጀመሪያ የመግቢያውን ገጽ ያስጠሩ፣ ቶከኑን በሲኤስኤስ ሴሌክተር ኤክስትራክተር (ከገጹ ውስጥ እሴት በሚያወጣው የጄሜትር ክፍል) ያውጡና በተለዋዋጭ ይላኩት። የኤክስትራክተሩን ነባሪ እሴት «አልተገኘም» ይበሉት፤ ማውጣቱ ሲከሽፍ በተላከው ጥያቄ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። እኔ ራሴ በዚህ ጉዳይ ግማሽ ቀን አጥፍቻለሁ። ቶከኑ በትክክል ወጥቶ ነበር፤ ውስጡ ግን የ+ ምልክት ነበረበት። ከመስኩ አጠገብ ያለችውን «ኢንኮድ» የምትል ሳጥን (ልዩ ምልክቶችን እንዳይበላሹ ቀይራ የምትልክ) ስላልነካሁ ሰርቨሩ +ን እንደ ባዶ ቦታ አነበበው። ቶከኑን በዓይኔ ደጋግሜ ሳነጻጽር ምንም ልዩነት አላየሁም፤ ለካ የሚበላሸው መንገድ ላይ ነው።

በ1 ተጠቃሚ ሠርቶ በ50 ከከሸፈ፣ ሁሉም በአንድ ስም እየገቡ እንደሆነ ይመልከቱ። አንዳንድ ሥርዓት አዲሱን አስገብቶ የቀድሞውን ያስወጣል። 50 የሙከራ መለያዎችን በሲኤስቪ ፋይል (በኮማ በተለየ ዝርዝር) ለጄሜትር ያቅርቡለት።

ከመግቢያው በኋላ ባለው ጥያቄ ላይ ሬስፖንስ አሰርሽን ይጨምሩ፤ የገባ ሰው ብቻ የሚያየውን ቃል፣ ለምሳሌ «ውጣ» የሚለውን፣ እንዲፈልግ ያድርጉ። ያኔ ያልገባው ሁሉ ቀይ ሆኖ ይታያል። ወደ 50 ሲመለሱ ቪው ሪዛልትስ ትሪን ከሥራ ውጭ ያድርጉ፤ ሜሞሪ ይበላል።