ስለ ማረሚያ ምርጫዎች ጥያቄና መልስ፦ ለጎንደር የአማርኛ ውክፔዲያ ጸሐፊዎች

በጎንደር ሆነው በአማርኛ ውክፔዲያ ላይ የሚጽፉ አባላት ስለ ማረሚያ ሳጥኑና እያንዳንዱ ተጠቃሚ የአሠራር ቅንብሩን ስለሚያስተካክልበት «ምርጫዎች» ገጽ ላቀረቧቸው ጥያቄዎች አንድ ነባር አራሚ የሰጡት መልስ እንደሚከተለው ቀርቧል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አዲስ ገቢ ሰው በመጀመሪያ የትኞቹን ምርጫዎች ቢያበራ ይሻላል ይላሉ?

መልስ፦ ሁለት ናቸው። አንደኛው ማጠቃለያው፣ ማለትም ምን እንደለወጡ በአጭሩ የሚጻፍበት ሳጥን፣ ባዶ ሆኖ ለውጡ ሊቀመጥ ሲል የሚያስጠነቅቀው፣ ሁለተኛው ደግሞ ማረም ገና ሲጀመር ቅድመ ዕይታውን የሚያሳየው ነው። ማጠቃለያው ካልተሞላ ሌላው አራሚ ምን እንደተነካ ለማወቅ አሮጌውንና አዲሱን ቅጂ መስመር በመስመር ለማነጻጸር ይገደዳል።

ጥያቄ፦ ገጹን አንባቢ እንደሚያየው አድርጎ በሚያሳየው በእይታ ማረሚያው ልጻፍ ወይስ ጥሬ ኮዱን በሚያሳየው በምንጩ?

መልስ፦ ሠንጠረዥ ለሚሠራ እይታው ይቀላል፣ መለጠፊያ (በብዙ ገጾች ላይ የሚገባ ዝግጁ ቅንብር) ለሚያርም ምንጩ ይሻላል። ሁለቱንም የሚያሳየውን ምርጫ ያዙ። ማጠቃለያው በሁለቱም ይሞላል።

ጥያቄ (ከአንድ የታሪክ መምህር)፦ የከተማችንን ስም ስጽፍ አንዳንዴ «ጎንደር»፣ አንዳንዴ «ጐንደር» ይወጣልኛል። ለውጥ ያመጣል?

መልስ፦ ያመጣል እንጂ፤ እንዲያውም ከቀረቡት ጥያቄዎች ሁሉ ዋናው ይህ ነው። የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ለኮምፒውተር ለፊደላት ቁጥር በሚሰጠው ሥርዓት፣ በዩኒኮድ 3.0፣ ሲካተት ለእያንዳንዱ ቅርጽ የየራሱ ቁጥር ስለተሰጠው፣ በንባብ አንድ የሆኑት ጎ እና ጐ ለማሽኑ ሁለት የተለያዩ ፊደላት ናቸው፤ በእነርሱ የተጻፉትም ሁለት የተለያዩ አርእስት ይሆናሉ። «ደብረ ብርሃን ሥላሴ»ን ብቻ ብንወስድ፣ ሃ እና ሀ፣ ሥ እና ስ ሲለዋወጡ አራት አጻጻፍ ይወጣዋል፤ ጽሑፉ ያለው በአንደኛው ብቻ ከሆነ በሌሎቹ ሦስቱ የተሠራ መያያዣ ሁሉ ገጹ እንደሌለ ቆጥሮ ቀይ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ አዲስ ገጽ ከመክፈታችሁ በፊት በሁሉም አጻጻፍ ፈልጉ፤ ከከፈታችሁም በኋላ ለቀሩት አጻጻፎች ወደ ጽሑፉ የሚመራ ገጽ፣ ማለትም መምሪያ መንገድ፣ ሥሩላቸው። የፊደል መጻፊያችሁንም አንድ ብቻ አድርጉ፤ የገጹንና የኮምፒውተራችሁን አንድ ላይ አታብሩ። የገጹን ለማብራትና ለማጥፋት ኮንትሮልን ይዞ ኤምን መጫን ይበቃል።

አንድ አባል፦ ትክክለኛው በድሮ መጻሕፍት የምናየው «ጐንደር» ነውና ሌላው ሁሉ ሊታረም ይገባዋል።

ሌላ አባል፦ ወንድሜ፣ ዛሬ ስንት ሰው ነው ስልኩ ላይ ጐን ፈልጎ የሚጽፈው? አንባቢው በሚጽፈው ካልተገኘ ለማን ተጻፈ?

መልስ፦ መምሪያ መንገድ የተሠራው እኮ ይህ ክርክር ሥራ እንዳያስፈታን ነው። የቀረውን በጽሑፉ የውይይት ገጽ ቀጥሉት፤ ፊርማችሁንም አትርሱ።

ጥያቄ፦ ከድሮ ፋይል የቀዳሁት አማርኛ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ሆነብኝ። የትኛው ምርጫ ያስተካክለዋል?

መልስ፦ የትኛውም አያስተካክለውም። እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ ከዩኒኮድ በፊት በነበሩ የፊደል ፕሮግራሞች የተጻፈ ስለሚሆን በመለወጫ ፕሮግራም ካልተቀየረ በስተቀር አይነበብም። ስትቀይሩም ሁለት ጊዜ የላቲኑን ሁለት ነጥብ (:) በመምታት የተሠራውን አራት ነጥብ በእውነተኛው «።» ተኩት፤ ይህ ሁለት ነጥብ በመስመር መጀመሪያ ላይ ከዋለ መስመሩን ወደ ውስጥ ያስገባዋልና።

ጥያቄ፦ በምርጫዎች ውስጥ ያለው የሰዓት ክልልስ?

መልስ፦ የአዲስ አበባን ምረጡ፤ በፊርማ ላይ የሚወጣውን ሰዓት ግን አይለውጠውም። ከሰዓቱ ይልቅ ዓመተ ምሕረቱ ያሳስበኛል። ፋሲል ግቢ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው በ1979 እ.ኤ.አ. ነው፤ «እ.ኤ.አ.» የሚለው መለያ ከተዘለለ አንባቢው በእኛ አቆጣጠር ይወስደውና ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ይስታል።

ጥያቄ፦ በአጠቃላይ ጥሩው ምርጫ የትኛው ነው?

መልስ፦ ለምን ሥራ? ከላይ የተባለውን ያንብቡ፤ ባዶ ማጠቃለያ የሚያስጠነቅቀውን ገና አላበሩ ይሆናል።

ጥያቄ፦ በስልክ ለምናርምስ?

መልስ፦ እኔ በስልክ አላርምም፤ የሚያርም አባል ይመልስልህ።