ስለ ኮምፖስት ግራንት ለጠየቅሽው እህቴ፦ ውሉ ሳይፈረም ሚስማር እንኳ እንዳትገዢ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ ከሥራ ወጥቼ አውቶቡስ ስጠብቅ አነበብኩት። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው የቤተ ክርስቲያናችሁ ግቢ ሰፊ ነው፣ ፎል፣ ቅጠል የሚረግፍበት ወቅት፣ በመጣ ቁጥር ቅጠሉ ያስቸግራችኋል፤ ቅጠሉንና የታጨደውን ሳር ኮምፖስት (የብስባሽ ማዳበሪያ) አድርገን ለጎረቤትም የሚተርፍ ፕሮግራም ብንጀምር የመንግሥት ግራንት (የማይመለስ የድጋፍ ገንዘብ) እናገኛለን ወይ፣ ከየትስ እንጀምር ነው ያልሽው። ከሥር የመለሱልሽ ሰዎች «ካውንቲ ደውዪ» ብለው አለፉ። እኔ ደግሞ እዚሁ ሜሪላንድ የመረዳጃ ማኅበራችን ጸሐፊ ነኝ፤ ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ ይህንኑ ነገር በእጄ ሠርቼዋለሁ። ግራንቱን አግኝተናል። ከኪሳችን ደግሞ 4,350 ዶላር ከስረናል። እናንተ እንዳትከስሩ ብዬ ነው ይህን ሁሉ የምጽፈው፣ ቢረዝም ታገሺኝ።

ኮምፖስት ምን እንደሆነ አልነግርሽም፣ ታውቂዋለሽ። የማኅበር ፈቃዳችሁና የፋይቭ ኦ ዋን ሲ ስሪ፣ ማለትም ከግብር ነጻ የበጎ አድራጎት ድርጅት፣ ወረቀታችሁም ያለቀ ነው ብዬ ልነሳ።

1. አመልካቹ ማን እንደሆነ ከሁሉ በፊት ለዩ። የፌዴራሉ ግብርና መሥሪያ ቤት፣ ዩኤስዲኤ፣ በ2018ቱ የግብርና ሕግ (ፋርም ቢል) የተፈቀደ የኮምፖስትና የምግብ ብክነት ቅነሳ ፕሮግራም አለው፤ ከ2020 ጀምሮ ገንዘብ ሰጥቷል፣ በቅርብ ዙሮች ጣሪያው 400,000 ዶላር ደርሶ ነበር። ሰው ይህን ቁጥር አይቶ ይሮጣል፣ እኛም ሮጠናል። እኔ ሦስት ሳምንት ሌሊት ሌሊት ስጽፍ ከረምኩ። አመልካቹ ግን ካውንቲ፣ ከተማ፣ የትምህርት ቤት ዲስትሪክት ወይም የነባር ሕዝቦች አስተዳደር መሆን አለበት። ማኅበርና ቤተ ክርስቲያን የሚገቡት ከእነሱ ጋር በአጋርነት ነው፣ በዚያ ላይ ከራስ የሚዋጣ የ25 በመቶ መዋጮ አለ። ስለዚህ ይህን ከፈለጋችሁ መጀመሪያ የሚያመለክትላችሁ የካውንቲ ሰው ፈልጉ፤ በጀቱ ውስጥ ስማችሁና የድርሻችሁ ገንዘብ በጽሑፍ ይስፈር። «እናስገባችኋለን» የሚል የቃል ተስፋ አይቆጠርም።

ለመጀመሪያ ጊዜ ትንንሾቹ ይሻሏችኋል። የሜሪላንድ ምክር ቤት በ1985 ያቋቋመው ቼሳፒክ ቤይ ትረስት የሚባል አለ፤ መኪና ላይ የምታዪው የቼሳፒክ ታርጋ ገቢ ወደዚያ ይገባል። ማኅበራትንም የእምነት ተቋማትንም ይቀበላል። (እኛን ያቃጠለን እሱ አይደለም፣ እንዳይምታታ።)

2. የፌዴራል ገንዘብ በሩቁም ቢሆን የሚነካካችሁ ከሆነ ሳም የሚባለው የመንግሥት ድረ ገጽ ላይ ተመዝግባችሁ አሥራ ሁለት ፊደልና ቁጥር ያለው መለያ ታወጣላችሁ። ነጻ ነው። ነጻ ነው ብዬ ሁለት ጊዜ የምጽፈው በተመዘገብን ሳምንት የማላውቃቸው ሰዎች እየደወሉ «ምዝገባችሁ ሊሰረዝ ነው፣ 600 ዶላር ክፈሉ» ስላሉን ነው፤ ድምፃቸው የመንግሥት ሠራተኛ ይመስላል፣ የግል ድርጅቶች ናቸው። አትክፈሉ። የማኅበሩ ስምና አድራሻ ደግሞ ከወረቀታችሁ ጋር ፊደል በፊደል ይግጠም። የእኛ አንዱ ወረቀት ላይ «ኢንኮርፖሬትድ» የሚል ነበረ፣ ሌላው ላይ አልነበረም፤ አምስት ሳምንት በላን።

3. «ቅጠላችን ቆሻሻ መጣያ ገብቶ እየበሰበሰ ነው» ብላችሁ እንዳትጽፉ። እናንተ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ናችሁ፤ ከየቤቱ የሚነሳው ቅጠልና ሳር ዲከርሰን ወዳለው የካውንቲው ማምረቻ ሄዶ ኮምፖስት ይሆናል፣ ሊፍግሮ ተብሎ በከረጢት የሚሸጠው ያ ነው። ማመልከቻውን የሚያነቡት ሰዎች ይህን ከማንም በላይ ያውቃሉ፤ መጀመሪያ ገጽ ላይ ስህተት ካዩ ቀሪውን በጥርጣሬ ነው የሚያነቡት። ይልቅ እውነተኛውን ጻፉ፦ በመኪና የሚጓዘው ቅጠል እዚያው ግቢያችሁ ይቀራል፣ የደከመው አፈራችሁ ያገግማል፣ በእንግሊዝኛ ወረቀት የማይደረስባቸው አባቶችና እናቶች በአማርኛ ይማራሉ። እኛን ያስመረጠን ይህ የመጨረሻው ነው። ነጥብ የሰጡን ሰዎች አስተያየት ላይ ተጽፎ አይቼዋለሁ።

4. ቀን። እህቴ፣ ሌላውን ሁሉ ብትረሺ ይህችን እንዳትረሺ።

እኛ ያገኘነው ከአንድ የአካባቢ መስተዳድር ነው፤ ስሙን አልጠራም፣ የእናንተ ካውንቲ አይደለም። ጠቅላላው 9,800 ዶላር። ማርች 2023 «እንኳን ደስ ያላችሁ፣ ተመርጣችኋል» የሚል ኢሜይል መጣ። እሑድ ስብሰባ ላይ ቆሜ አነበብኩት፣ እልል ተባለ። አንዲት እናት እንባቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። ሃያ ዓመት ስንረዳዳ ኖረን መንግሥት ማኅበራችንን በስሙ ጠርቶ ሲጽፍልን የመጀመሪያው ነበር።

ግራንቱ ገንዘቡን አስቀድሞ አይሰጥም። አንቺ ታወጫለሽ፣ ደረሰኝ ታቀርቢያለሽ፣ እነሱ ይተካሉ። ይህን እናውቅ ነበር። መነሻ ከየት ይምጣ ስንባባል የእቁባችን ዳኛ መላ ፈለጉ፤ የዚያ ወር እጣ የወጣላት እህት ገንዘቡን ለልጇ የኮሌጅ ክፍያ ነው የምትፈልገው፣ ክፍያው ደግሞ ኦገስት ነው፤ እስከዚያ አበደረችን። ቅዳሜ ኤፕሪል 22 የመሬት ቀን ነበር። ፋሲካ ባለፈ በሳምንቱ ስለዋለ ሠላሳ ሰው ሊመጣ ቃል ገብቷል። ያን ሁሉ ሰው ባዶ ግቢ ላይ ማቆም አልፈለግንም። ሐሙስ ዕለት ቅርንጫፍ የሚፈጭ ማሽን፣ ቺፐር የሚሉትን፣ በ3,200 ዶላር ገዛን፤ ዓርብ ለሣጥኖቹ ጣውላ፣ ሽቦና ማጠፊያ በ1,150። ከመግዛቴ በፊት ፕሮግራሙን ለምትከታተለው ሠራተኛ ደውዬ ነበር። «ጥሩ ነው፣ ቀጥሉ» አለችኝ። በጆሮዬ ነው የሰማሁት።

ውሉ የመጣው ሜይ 3 ነው። የሥራው ዘመን የሚጀምረው ሜይ 15 ይላል፤ ከዚያ ቀን በፊት የወጣ ወጪ አይተካም የሚል አንቀጽም ነበረው። አንብቤዋለሁ። ግን በእኛ ዘንድ ሰው ፊት «ሰጥቻለሁ» የተባለ ነገር መልሶ አይነሳምና፣ ለእኛ የተጻፈ አንቀጽ መሆኑ አልታየኝም። ፈረምኩ።

ጁላይ ላይ ደረሰኞቹን አስገባሁ። መልሱ አንድ መስመር ነበር፦ አይተካም። ያቺ ሠራተኛ ስደውልላት እንዲህ ያለ ንግግር አላስታውስም አለች። ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ በአካል ሄድኩ። የፋይናንሱ መስኮት ላይ የነበረችው ሴት የእኔን ቃል ሳትጨርስ ደረሰኜን በእስክሪብቶ ጫፍ ወደ እኔ ገፋችው፤ «ቀኑን ማንበብ ትችላለህ?» አለችኝ። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ቃል በቃል እየለያየች፣ እንግሊዝኛ ለማይሰማ ሰው እንደሚነገር። ከዚያ ከኋላዬ ያለውን ጠራች። በዚህ አገር ሃያ ስድስት ዓመት ሠርቼ ግብር የከፈልኩ ሰው ነኝ። ስለ ገንዘቡ እንቅልፍ ያጣሁት ጥቂት ቀን ነው፤ ያ «ማንበብ ትችላለህ?» ያለችው ግን እስከ ዛሬ ይመላለስብኛል።

የሰው አደራ ኦገስት ሳይገባ መመለስ ነበረበት። ማኅበሩ 1,500 አወጣ፤ ቀሪውን 2,850 የፈረምኩት እኔ ስለሆንኩ ትርፍ ሰዓት እየሠራሁ እኔ ሸፈንኩ። ልጅቷ ኮሌጅ ገባች፣ አንድ ቀን አልዘገየባትም።

ሕጉ የዚያ መሥሪያ ቤት ብቻ አይደለም። የፌዴራሉም ግራንት ቢሆን አስቀድሞ በጽሑፍ ካልተፈቀደ በቀር ከመጀመሪያው ቀን በፊት ያወጣሽውን አይተካም። ስለዚህ «እንኳን ደስ ያላችሁ» ሲመጣ አመስግኑ፣ ዝም በሉ፣ ጠብቁ። ስልክ ላይ የተባለውን ሁሉ በዚያው ቀን በኢሜይል መልሰሽ ጻፊ፦ «ዛሬ በስልክ እንዲህ ብለሽኛል፣ በትክክል ተረድቼ ከሆነ አረጋግጪልኝ» በይ። መልስ ካልመጣ አልተባለም ማለት ነው።

አንድ ነገር ግን አዳነን። በበጀቱ ለማሽንና ለጣውላ የተመደበው 4,350 ሳይነካ ተቀምጧል፤ እሱን ወደ ሌላ ሥራ ለማዛወር መጠየቅ ይቻላል። ይህ መብት እንዳለን የነገረን ቢሮው አይደለም፣ የሌላ ማኅበር ገንዘብ ያዥ ነው። በጽሑፍ ጠየቅን፣ በጽሑፍ ተፈቀደ፤ ረጃጅም ቴርሞሜትሮች፣ የአፈር ምርመራ፣ መንሽና የእጅ ጋሪ፣ ለሦስት ሰዎችም ሥልጠና አደረግነው። 9,800ውን እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም ተጠቅመንበታል።

5. የጉልበታችሁን ሰዓት መዝግቡ። የእኛ መዋጮ 2,450 ዶላር ነበር፤ በጉልበት መክፈል ይቻላል ተባለ። በዚያ ዓመት ለአንድ የበጎ ፈቃድ ሰዓት ሰዉ ሁሉ የሚጠቀምበት ግምት 31.80 ዶላር ነበር፣ ስለዚህ 78 ሰዓት ይበቃል። እኛ በሦስት ወር ውስጥ ብቻ ከ400 ሰዓት በላይ ሠርተናል፣ ግን ማን እንደመጣ የፈረመበት ወረቀት የለም! የመሬት ቀን የመጡት ሠላሳ ሰዎች ጉልበት እንዳለ ቀረ፤ ደግሞም ከሜይ 15 በፊት ነበር። ከዚያ በኋላ አንድ ልጅ በር ላይ ደብተር ይዞ ይቆም ጀመር፦ ስም፣ የገባበት፣ የወጣበት፣ ፊርማ። ቡና የሚያፈሉት እናቶች «እኛም እንፈርም?» ሲሉ አዎ አልናቸው፤ የቡናውን አተላ ለይተው የሚያመጡት እነሱ ናቸው።

አተላው ቀልድ እንዳይመስልሽ። ደረቅ ቅጠል ብቻውን ዓመት ይቀመጣል፣ አይሞቅም። ናይትሮጅን ይፈልጋል፤ አንድ እጅ ናይትሮጅን ሲሆን ካርቦኑ ከ25 እስከ 30 እጅ ገደማ ሲሆን ነው ጥሩ የሚሠራው። እኛ ከሁለት ሐበሻ ምግብ ቤቶች በየሳምንቱ አተላ እንሰበስባለን፤ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ከፍ ብሎ የተከመረ ቅጠል በአተላና በአዲስ ሳር ተደባልቆ በአራተኛው ቀን 55 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል። ሙቀቱን በየቀኑ ጻፉ፣ ሪፖርት ላይ ይጠይቃሉ። የአረም መድኃኒት የተረጨበት ሳር ከጎረቤት አትቀበሉ፤ አንዳንዱ መድኃኒት ኮምፖስቱ ውስጥ ሳይሞት ቆይቶ ቲማቲማችሁን ያጣምመዋል። አባቴ በግ አርብቶ ፍጉን ለጓሮ ጎመን ሲያበላ ነው ያደግሁት፣ ይህን መርዝ የሚባል ነገር አያውቅም ነበር።

አሁን ሦስተኛ ዓመታችንን ጨርሰናል። ባለፈው ፎል ከስድስት መቶ በላይ ከረጢት ቅጠል ከግቢ አልወጣም። ፊት ለፊታችን ያሉት አሜሪካዊ ሽማግሌ መጀመሪያ አይጥ ታመጣላችሁ ብለው ለከተማው የከሰሱን ናቸው፤ አሁን ባልዲ ይዘው ይመጣሉ። የበሰለ ምግብ ወደ ክምሩ አይገባም፣ እንጀራም ቢሆን፤ አይጡን ያስቀረው ይህ ነው። ለጎረቤት ክፍት ስታደርጉ የመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ይህን ተናገሩ።

ዞኒንጉን፣ ማለትም ግቢያችሁ ላይ ምን መሥራት እንደሚፈቀድ የሚወስነውን ደንብ፣ ለብቻው ጠይቂ፣ መልሱን በኢሜይል ያዢ። ውሉ ሲመጣላችሁ ሁለት ነገር ብቻ ቶሎ ፈልጊ፦ የሚጀምርበትን ቀንና ወጪ የሚተካበትን አንቀጽ። ሁለቱን ገጾች ፎቶ አንስተሽ እዚሁ ላኪልኝ፤ ማታ ከሥራ ስወጣ አያቸዋለሁ፣ እስከዚያ አትፈርሙ።