ሁሉም ሰባት ከሆነ ምኑን ቀመስከው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። የ27 ዓመት ወጣት ነኝ፤ የምሠራው ሜክሲኮ አካባቢ፣ ሒሳብ ክፍል ውስጥ ነው። ከዓመት በፊት ከጓደኛዬ ጋር ተወራርደን በየቅዳሜው አንድ ካፌ ወይም ምግብ ቤት እየገባን ሳንዱች በልተን ከ10 ነጥብ መስጠት ጀመርን። እስካሁን 41 መዝግበናል። ችግሩ፣ ሰሞኑን ደብተሩን ከፍቼ ሳየው ከ41ዱ 30ው 7 ነው። ጓደኛዬ ደግሞ «በዚህ ብር ጥብስ እንበላ ነበር፤ ሳንዱች ምግብ አይደለም» ማለት አብዝቷል። እንተወው ወይስ ዘዴ ይኖረዋል?
*የሰባቱ ልጅ፣ ከሜክሲኮ*

መልስ፦ የሰባቱ ልጅ፣ ሰባት የይሉኝታ ቁጥር ነው። አምስት ብል ይከፋቸዋል፣ ዘጠኝ ብል ይስቁብኛል ብለህ መሀል ላይ ተሸጉጠሃል። አልፈርድብህም። እኔ ፒያሳ አንድ ጁስ ቤት 17 ዓመት ሳንዱች ስሠራ «እንዴት ነበር?» ብዬ ጠይቄ «አሪፍ ነው» ያላለኝ ደንበኛ አላስታውስም። ግማሹን ትቶ የሚወጣውም «አሪፍ ነው» ብሎኝ ነው የሚወጣው። በኋላ መጠየቁን ተውኩና የሚመለሰውን ሳህን ማየት ጀመርኩ። ሳህን ይሉኝታ የለውም። የዳቦው ጠርዝ ብቻ ተርፎ ከመጣ ዳቦው ደርቋል። ቲማቲሙ ተጎልጉሎ ዳር ላይ ከተቀመጠ ወይ አልበሰለም ወይ ዳቦውን አበስብሶታል። ሶፍቱ ተጨማዶ ከተቆለለ ማዮኔዙ በዝቷል። ችብሱ አልቆ ሳንዱቹ ከተረፈ ደግሞ… ያን ቀን ወደ ቤት የምሄደው አንገቴን ደፍቼ ነበር።

እንግዲህ ለአንድ ወር ነጥቡን ተወውና ሳህኑን ጻፍ። ምን ተረፈ? ምን መጀመሪያ አለቀ? ስንተኛው ጉርሻ ላይ እጅህ ረጠበ? ለሒሳብ ሠራተኛ ይህ አይከብድም፤ ቀሪ ሒሳብ መያዝ ነው።

ሁለተኛው ችግርህ፣ ሳትነግረኝ የገመትኩት፣ 41ዱ ሳንዱች አንድ ዓይነት አለመሆኑ ነው። አንዱ ቅዳሜ ክለብ፣ ሌላው ቱና፣ ሌላው ስቴክ ሳንዱች፣ ሲያሻህ በርገር። ክለብን ከቱና ጋር በምን ታወዳድረዋለህ? ክለብ ደግሞ አታላይ ነው። ሦስት ፎቅ ዳቦ፣ ዶሮው፣ እንቁላሉ፣ ሰላጣው፣ ላዩ ላይ ስቴኪኒ ተሰክቶበት ሲመጣ ሙሽራ ይመስላል፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይሸፍንለታል። አንድ ዓይነት ምረጥና በየቤቱ እሱን ብቻ እዘዝ። እኔን ካልከኝ እንቁላል ሳንዱች ነው። ዳቦ፣ እንቁላል፣ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ጨው። የሚደበቅበት ቦታ የለውም።

ቀላል ነው እንዳትለኝ። ባለፈው ሳምንት አራት ኪሎ አካባቢ አንዲት ሁለት ሰው በማታስቆም ቤት በር ላይ ቆሜ ሠሪውን ሳየው ነበር። ልጅ ነው፣ ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው። ሁለት እንቁላል ኩባያ ውስጥ ሰበረ፤ የደቀቀ ሽንኩርትና ቃሪያ ጨመረ፤ ጨው ጣል አድርጎ በሹካ መታ መታ አደረገና መጥበሻው ላይ ደፋው። ዳር ዳሩ ሲረጋ፣ መሀሉ ገና እየተንቀጠቀጠ ሳለ፣ የተሰነጠቀውን ፉርኖ በውስጡ በኩል እንቁላሉ ላይ ዘርግቶ በመዳፉ ጫን አደረገው። ትንሽ ጠበቀና ገለበጠው። እንቁላሉ ከዳቦው ጋር ተጣብቆ ተነሣ። አጥፎ ሰጠኝ። ያን ሳንዱች ስትገምጠው እንቁላሉ በወዲያኛው ጫፍ ሾልኮ ሸሚዝህ ላይ አይወድቅም። ብዙ ባለ ወንበርና ባለ ጠረጴዛ ካፌ እንቁላሉን ለብቻው አድርቆ ጠብሶ፣ ዳቦውን ለብቻው አሙቆ፣ ሁለቱን የማይተዋወቁ ሰዎች ታክሲ ውስጥ እንደተቀመጡ አድርጎ ነው የሚያቀርብልህ። ደብተርህ ላይ «እንቁላሉ ተጣብቋል / አልተጣበቀም» ብለህ ብትጽፍ 7 ከማለት ይሻላል።

ስለ ዳቦ። ስታዝዝ አስተናጋጁን በትሕትና «ዳቦው የስንት ሰዓት ነው?» በለው። ጠዋት 1 ሰዓት ከዳቦ ቤት የመጣ ፉርኖ 4 ሰዓት ላይ ሌላ ነው፣ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ ሌላ ነው። ስለዚህ ሁሌም በተቀራራቢ ሰዓት ሂድ፤ አለዚያ ያወዳደርከው ቤቶቹን ሳይሆን ሰዓቱን ነው። ቲማቲም ያለበት ከሆነ ደግሞ አወቃቀሩን ተመልከት። ጨው የነካው ቲማቲም ውኃ ይተፋል። የሚያውቅ ሠራተኛ ዳቦውን በቅቤ ወይም በማዮኔዝ ይቀባዋል፤ ቅባት ውኃ አያሳልፍማ። ወይም ቲማቲሙን ዳቦው ላይ ሳይሆን በሰላጣውና በሥጋው መሀል ያስገባዋል። የማያውቅ ቲማቲሙን ዳቦ ላይ አንጥፎ፣ ጨው ነስንሶ፣ ለቴክአዌይ በላስቲክ ጠቅልሎ ይሰጥሃል። ሳሪስ ስትደርስ ገንፎ ሆኗል። እሱን ነጥብ አትስጠው፤ እዚያው ቁጭ ብለህ ያልበላኸው ላይ አትፍረድ።

ዋጋውን ከነቀኑ ጻፍ፤ ሜኑ ላይ ያለውን ሳይሆን የከፈልከውን። ብዙ ቦታ ቫት 15 በመቶው፣ አንዳንድ ቦታም ሰርቪሱ፣ ከሥር ነው የሚደመረው። ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ደግሞ ሜኑዎቹን አይተሃቸው እንደሆነ ዋጋው ላይ ወረቀት ተለጥፎ፣ በዚያ ላይ ሌላ ወረቀት ተለጥፎበታል። (አንዱን በጥፍሬ ልጬ ከሥሩ ሦስተኛ አግኝቻለሁ። አስተናጋጇ አይታኝ ሳቀች።) የአምናውን ሳንዱች በዘንድሮ ዋጋ «ውድ ነው» ብለህ ብትጽፍ የሚያምንህ የለም።

ወደ ጓደኛህ ልምጣ። ጓደኛህ ርቦት ነው። ጥብስ ከበላ በኋላ ውሰደው። «ምግብ አይደለም» ላለው ግን ይህን ንገርልኝ፦ ሳንዱች ስሙን ያገኘው ከአንድ እንግሊዛዊ ባላባት ነው፤ ሳንድዊች የማዕረጉ ስም ነው፣ ኬንት ውስጥም በዚህ ስም የምትጠራ ከተማ አለች። ሰውዬው ቁማር ላይ ተቀምጦ መነሣት ስላልፈለገ ሥጋ በዳቦ መሀል አምጡልኝ አለ ይባላል። የቁማሩ ነገር ወሬ ሊሆን ይችላል። ቃሉ መጀመሪያ ተጽፎ የተገኘው ግን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1762 የታሪክ ጸሐፊው ኤድዋርድ ጊበን በግል ማስታወሻው ላይ ነው፤ ለንደን አንድ ቤት ውስጥ ትልልቅ ሰዎች ቀዝቃዛ ሥጋ ወይም ሳንዱች ሲበሉ አየሁ ብሎ። እና ደብተር ይዞ ሳንዱች የሚመለከት ሰው አንተ የመጀመሪያው አይደለህም። ጊበንም ነጥብ አልሰጠም፤ ያየውን ነው የጻፈው።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እኔ ረቡዕና ዓርብን፣ ዐቢይ ጾምንም እጾማለሁ። የመሥሪያ ቤት ልጆች ሳንዱች ቀምሰን የምንጽፍበት የጋራ ደብተር አለን። በጾም ቀን «የጾም ሳንዱች» የሚል አዝዤ ስበላ አንዷ «ማዮኔዝ አለው እኮ» ብላ አስደነገጠችኝ። እውነት ነው?
*የተደናገጠች፣ ከገርጂ*

መልስ፦ እውነቷን ነው የኔ ልጅ። ማዮኔዝ ማለት የእንቁላል አስኳልና ዘይት ተመትቶ የሚወጣ ነው። ሥጋው ስለወጣ ብቻ ሳንዱች ጾም አይሆንም። ያለ እንቁላል የሚሠራ ማዮኔዝም ስላለ ቤቱ የትኛውን እንደሚጠቀም ጠይቂ። ዳቦውን ሲያሞቁ ቅቤ ይቀቡታል ወይ? የእንቁላሉ መጥበሻ ላይ ነው ወይ የሚያሞቁት? እነዚህ ሁለቱን ጠይቀሽ አስተናጋጁ «ቆይ ልጠይቅ» ብሎ ወደ ጓዳ ከገባ ጥሩ ቤት ነው። ሳይገባ «ጾም ነው፣ ጾም ነው» ካለሽ ሻይ ጠጥተሽ ውጪ። በማዮኔዝ ፋንታ አቮካዶ የሚቀቡ ቤቶች አሉ፤ ሎሚና ቃሪያ ከገባበት እኔ ከማዮኔዙ አስበልጠዋለሁ። የቱናውን ነገር ለንስሐ አባትሽ ትቼዋለሁ፤ እዚያ ክርክር ውስጥ አልገባም።

ጥያቄ፦ ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምጽፈው። እኔና ባለቤቴ በየሳምንቱ የሰፈራችንን ሳንዱች ቤቶች እንዞራለን። ክርክር ተነሥቶብናል፦ እርጥብ ሳንዱች ነው አይደለም? እኔ ነው እላለሁ፣ እሱ «ድንች በዳቦ ነው» ይላል።
*እህትዎ*

መልስ፦ ባለቤትሽ የሚለው እኮ ትርጉሙን ነው። ዳቦ ተሰንጥቆ መሀሉ ነገር ከገባበት ሳንዱች ነው፤ የገባው ድንች መሆኑ ስሙን አይነሣውም። እንዲያውም በእርጥብ ሙያው ያለው ድንቹ ላይ ሳይሆን ዳጣው ላይ ነው። ድንችና ዳቦ ሁለቱም ዝም ያሉ ናቸው፤ የሚያናግራቸው ዳጣው ነው። ለዚህ ነው ትምህርት ቤት በር ላይ ተማሪዎች የሚሰለፉት ድንቹ ለበዛበት ሳይሆን ዳጣው ለሚያቃጥልበት። እዚያ ልትሠሪ ካሰብሽ ለስላሳና ጣፋጭ የሱፐርማርኬት ዳቦ አትግዢ፤ ሊጥ ይሆንብሻል። ልጣጩ ጠንከር ያለ፣ ስኳር የሌለበት ፈልጊ። ባለቤትሽንም ዳጣውን እንዲፈጭ አድርጊው፤ ዓይኑ ሲያለቅስ ሐሳቡን ይለውጣል።

ጥያቄ፦ ትንሽ ካፌ አለኝ። አንድ ልጅ እየመጣ ሳንዱች አዝዞ፣ ዳቦውን ገልጦ ፎቶ አንሥቶ፣ ደብተር ላይ ይጽፋል። ባለፈው «ማዮኔዙ ለብ ያለ ነበር» ብሎ ለሰው ሁሉ አሳይቷል። ስሜን እያጠፋ ነው። እንዳይገባ ብከለክለው ጥፋት አለብኝ?
*የተበሳጨሁ፣ ከሃያ ሁለት*

መልስ፦ ወንድሜ፣ ብስጭትዎ ይገባኛል። ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎት፦ ማዮኔዙ ለብ ያለ ነበር ወይስ አልነበረም? ከጠዋት ጀምሮ ባንኮኒው ላይ ተከፍቶ የሚውል ከሆነ ልጁ ያዳነዎት ነው። በተለይ እዚያው በጥሬ እንቁላል የምትመቱት ከሆነ ከፍሪጅ ውጭ ከሁለት ሰዓት በላይ አያቆዩት፤ ጥሬ እንቁላል ሳልሞኔላ ሊኖርበት ይችላል፣ ተሕዋሲውም ሙቀት ሲያገኝ ይራባል። በትንሽ ዕቃ እየቀነሱ ያውጡ፣ የቀረው ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጥ።

ልጁ ግን አንዴ ብቻ መጥቶ ጽፎት ከሆነ እሱም ተሳስቷል። ይህን የምለው ከራሴ ስለደረሰብኝ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚሁ ዓምድ ላይ ስለ አንድ ቤት ጻፍኩ። ስሙን አልጠራሁም፤ ሰፈሩንና የበሩን ቀለም ግን ጠቅሼ ስለነበር ያወቀ ሁሉ አወቀው። «ዳቦው የትናንት ነው፤ ሠራተኛዋም ታውቃለች፣ ዓይኔን አላየችኝም» ብዬ ቀለድኩ። የዚያች ዓረፍተ ነገር ኩራት ነበረብኝ። ከሁለት ወር በኋላ ስመለስ ልጅቷ የለችም። ዘበኛውን ብጠይቀው ያን ዕለት ሌሊቱን ሙሉ መብራት ጠፍቶ ዳቦ ቤቱ አልጋገረም ነበር፤ ባለቤቱ በትናንቱ ሥሩ ብሎ አዝዞ፣ ጽሑፉ ሲወጣ ደግሞ ጥፋቱን በእሷ አላክኮ አሰናበታት። ዓይኔን ያላየችኝ አፍራ ነው። ፈልጌ ላገኛት ሞከርኩ፣ ዘበኛው የሚያውቀው ስልክ አይሠራም።

ከዚያ ወዲህ ክፉ የምጽፈው ሁለቴ፣ በተለያየ ቀን ከበላሁ በኋላ ነው። ሠራተኛ ላይ አልጽፍም፤ ሳህኑ ላይ ያለውን ብቻ።

ስለዚህ አይከልክሉት። ቤትዎ ነውና መብቱ ሊኖርዎት ይችላል፤ «ከለከሉኝ» የምትለዋ መስመር ግን ከማዮኔዙ የባሰች ናት። በሚቀጥለው ሲመጣ ያስቀምጡት፣ ማዮኔዙ ከፍሪጅ ሲወጣ ይይ፣ ሒሳቡን ግን ያስከፍሉት። በነፃ የበላ ሰው የሚጽፈው ሁሌም 9 ነው። እኔም አድራሻውን ለአዘጋጆቹ ቢተዉልኝ ከበዓሉ በኋላ አንድ ማክሰኞ 4 ሰዓት ገደማ ብቅ እላለሁ። እንቁላል ሳንዱች ነው የማዝዘው፣ ቃሪያው በዛ ያለ።