ከደንበኞቼ የትኛውን ልያዝ?

ሰሞኑን ከአዳማ አንባቢዎች የደረሱኝ ጥያቄዎች ዞረው ዞረው አንድ ነገር ላይ ያርፋሉ፤ ሥራው አለ፣ ደንበኛው አለ፣ ገንዘቡ ግን እጅ ላይ የለም። ጥቂቶቹን ከመልሴ ጋር እነሆ፤ ነገሩ ሁሉ ምርጡን ደንበኛ ለይቶ በእሱ ላይ ማተኮር ነው።

ጥያቄ፦ ፍራንኮ አካባቢ እንጀራ ጋግሬ አከፋፍላለሁ። ለአንድ ሆቴል በቀን 200 እንጀራ በ22 ብር እሰጣለሁ፤ የሚከፍሉኝ በ45 ቀን ነው። ለሰፈር ሰውና ለሁለት ምግብ ቤቶች በ25 ብር እጅ በእጅ እሸጣለሁ። ጤፉን በዱቤ ነው የማመጣው። አሁን ሆቴሉ «300 አድርጊልን» አለኝ። የሰፈሩን ትቼ ወደዚያ ልዙር?

መልስ፦ እባክዎ አይተዉ። ደብተርዎን ያውጡና እናስላው። በቀን 200 እንጀራ በ45 ቀን 9,000 ይሆናል፤ በ22 ብር ሲባዛ 198,000 ብር። ሆቴሉ እስኪከፍል ድረስ ይህ ሁሉ የእርስዎ ገንዘብ እነሱ ጋ ነው ያለው። ጤፉ፣ መብራቱና የጋጋሪዋ ደመወዝ ግን ከእርስዎ ኪስ ወጥቷል። በእንጀራ የቀነሱት 3 ብር ደግሞ በዚያው ጊዜ 27,000 ብር ነው። 300 ካደረጉት ተይዞ የሚቆየው 297,000 ብር ይደርሳል። የጤፍ ነጋዴው ይህን ያህል ይታገስዎታል?

ሆቴሉን ያሰናብቱ ማለቴ ግን አይደለም። አዳማ የስብሰባና የሥልጠና ከተማ ናት፤ የሆቴል ገበያ በቀላሉ አይገኝም። «በ15 ቀን ከከፈላችሁኝ 300 አቀርባለሁ» ይበሏቸው። ያኔ ተይዞ የሚቆየው 99,000 ብር ብቻ ነው፤ እንጀራው በግማሽ ጨምሮ ዕዳው በግማሽ ወረደ ማለት ነው። ይህን ከዕቃ ተረካቢው ጋር አይነጋገሩ፤ ባለቤቱን ወይም ሥራ አስኪያጁን ያግኙ። እምቢ ካሉ 200ው ላይ ይቁሙና እንደ ሁለቱ ምግብ ቤቶች እጅ በእጅ የሚከፍል ሦስተኛ ይፈልጉ። እነዚያ ሁለቱ ናቸው ምርጥ ደንበኞችዎ።

ጥያቄ፦ ጋራዥ አለኝ። ባጃጅም፣ ሚኒባስም፣ የጭነት መኪናም፣ የመጣውን ሁሉ እንሠራለን። ሁሉንም መያዙ አይሻልም?

መልስ፦ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ቪልፍሬዶ ፓሬቶ የተባለ የኢኮኖሚ ሊቅ ጣሊያን ውስጥ 80 በመቶ የሚሆነው መሬት በ20 በመቶ ሰው እጅ እንደነበር አስተዋለ። የጥራት አመራር ባለሙያው ጆሴፍ ጁራን ይህን ሐሳብ በኋላ ወደ ፋብሪካና ወደ ሥራ አመራር አመጣው። በእርስዎ ቤት ሲታይ፣ አብዛኛው ትርፍ ከጥቂት ደንበኞች ሊመጣ ይችላል ማለት ነው። ቁጥሩ በየቤቱ ይለያያል፤ የእርስዎን የሚነግርዎ የራስዎ ደረሰኝ ነው። ያለፉትን ሦስት ወራት ይገልብጡና በእያንዳንዱ ባለመኪና ስም ሦስት ነገር ይጻፉ፦ ከመለዋወጫ ወጪ በኋላ ምን ቀረ? መኪናው ግቢው ውስጥ ስንት ቀን ተኛ? ሥራው ተመልሶ መጣ?

ግምቴን ልንገርዎ። ከተማዋ የጅቡቲ መስመር ላይ ናት። የቆመ የጭነት መኪና ባለቤቱን በየቀኑ ያከስረዋል፤ ስለዚህ አራት አምስት መኪና ያለው ሰው የሚከፍለው ለፍጥነት ነው። የፍሬንና የፍሪሲዮን ዕቃ አስቀድመው ከያዙለት ወደ ሌላ አይሄድም። ባጃጆቹን ወደ ጎረቤትዎ ጋራዥ ይላኳቸው፤ እሱም ከባዱን ወደ እርስዎ ይልካል።

ጥያቄ፦ ለምርጥ ደንበኞቼ ቅናሽ ላድርግ?

መልስ፦ አያድርጉ። እነሱ የሚመጡት ቃልዎን ስለሚያምኑ ነው። ወረፋ ያስቀድሙላቸው፣ ዋጋ ሊጨምር ሲል ቀድመው ይደውሉላቸው፣ ምርቃት ይጨምሩላቸው። አንዴ የተቀነሰ ዋጋን መልሶ መጨመር ከባድ ነው።

ጥያቄ፦ ፖስታ ቤት አካባቢ የባነርና የኅትመት ሥራ እሠራለሁ። ከገቢዬ ሦስት አራተኛው ከአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። በምርጡ ላይ ማተኮር ይሉሃል ይህ አይደለም?

መልስ፦ ከሁሉም ያሳሰበኝ የእርስዎ ነው። ማተኮር ያለብዎት በደንበኛው ዓይነት ላይ እንጂ በአንድ ስም ላይ አይደለም። የመንግሥት በጀት ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ሰኔን እንቅልፍ አጥተው ይሠራሉ፣ ሐምሌና ነሐሴ ሥራ ይቀዘቅዛል። የግዢ ኃላፊው ከተቀየረ ደግሞ መስከረምም ላይሞቅ ይችላል፤ የቤት ኪራዩ ግን አይጠብቅም። ያንኑ ሥራ የሚፈልጉ ሌሎች አሉ፦ ተማሪ የሚያስመርቁ የግል ኮሌጆች፣ ማኅበራት፣ አዳራሽ የሚያከራዩ ሆቴሎች። በተለይ የሆቴሉን የአዳራሽ ኃላፊ ይተዋወቁ። ሠልጣኝ ይዞ የመጣ ሁሉ «ባነር የት ይሠራል?» ብሎ የሚጠይቀው እሱን ነው።

ጥያቄ፦ ልብስ ሰፊ ነኝ። አንዲት የቆየች ደንበኛዬ አንዱን ቀሚስ አራት ጊዜ ታስፈታኛለች፤ በዋጋም ትከራከረኛለች። ጎረቤቴ ስለሆነች እምቢ ማለት ከበደኝ። ምን ልበላት?

መልስ፦ ይሉኝታው ይገባኛል፤ ነገ ዕድር ላይ የሚገናኙት ሰው ናት። ስለዚህ ሰውየዋን ሳይሆን አሠራሩን ይቀይሩ። «እህቴ፣ ከዚህ ወር ጀምሮ ስለካ ግማሹን ቀብድ እቀበላለሁ። አንዴ ለብሰሽ ካስተካከልን በኋላ ያለው ለውጥ ለብቻው ይከፈልበታል። ለሁሉም ያወጣሁት ነው» ይበሏት። ለሁሉም ያወጡት መሆኑ ግን እውነት ይሁን፤ ወረቀት ላይ ጽፈው ግድግዳው ላይ ይለጥፉት። ብትቀር እንኳ ለእሷ ማስተካከያ ይሄድ የነበረውን ጊዜ ለሠርግ ልብስ ያውሉት፤ የጥር ሙሽራ ያለባቸውን የድሮ ደንበኞችዎን ጥቅምት ላይ ይደውሉላቸው።