«ትኩስ ቦታ» ብዬ ጽፌ ተሳቀብኝ

ጥያቄ፦ በሥራዬ ሪፖርት እጽፋለሁ። አደጋ የሚበዛበትን፣ ስርቆት ያለበትን፣ ስብሰባ ላይ ያጨቃጨቀንን ጉዳይ ሳይቀር «ሆት ስፖት» ነው የምለው። ሰሞኑን «በአማርኛ አድርጊው» ተባልኩና «ትኩስ ቦታ» ብዬ ጻፍኩ። ቢሮው በሙሉ ሳቀብኝ። ምን ልበል ታዲያ?

መልስ፦ አትቀየሚኝና እኔም ስቄያለሁ። እኛ ዘንድ «ትኩስ» ጥሩ ነገር ነዋ! ዳቦ ትኩስ ነው፣ ወሬ ትኩስ ነው። «ሦስት ትኩስ ቦታዎች ተለይተዋል» ሲባል ሰው ሻይ የሚጠጣበትን እየጠቆምሽው ይመስለዋል።

እንግሊዝኛውም ቢሆን ሁልጊዜ ችግርን አይጠራም። የሃዋይ እሳተ ገሞራዎች የተፈጠሩበት ከሥር የጋለ ቦታ ሆት ስፖት ይባላል፤ በስልክሽ ለጓደኛሽ የምታጋሪው ኢንተርኔትም ሆት ስፖት ነው፣ እሱን ደግሞ የሚሸሸው የለም። ለችግር ሲውል ቁም ነገሩ መጥፎነቱ ሳይሆን ክምችቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣ አንድ የታወቀ ጥናት በአሜሪካዋ ሚኒያፖሊስ ከተማ ለፖሊስ ከሚደወሉት ጥሪዎች ግማሽ ያህሉ ከ100 ቦታዎች ከ3ቱ ብቻ እንደሚመጡ አሳይቷል። ሆት ስፖት ማለት እነዚያ 3ቱ ናቸው። አንዴ ስርቆት የተፈጸመበት ሰፈር ግን ሆት ስፖት አይደለም፣ ስብሰባ ላይ ያጨቃጨቃችሁ ጉዳይማ ጭራሽ ቦታም አይደለ፤ «አከራካሪ ጉዳይ» በይውና እለፊው።

ስለዚህ ምን እንደተከማቸ ጠይቂና እሱኑ በስሙ ጥሪው። ለጦርነት «የግጭት ቀጠና» አለልሽ። ለበሽታ «ወረርሽኙ የጠናበት አካባቢ» ይበቃል። ለመንገድ «አደጋ የሚደጋገምበት ቦታ»። ረዘመ ትይኝ ይሆናል፤ ይርዘም፣ ቢያንስ አንባቢሽ ምን እንደተደጋገመ ያውቃል።

«መናኸሪያ» እና «መፈልፈያ» የሚሉትን ግን ተጠንቀቂ። «መፈልፈያ» ካልሽ ችግሩ የሚወለደው እዚያ ነው ማለትሽ ነው፣ ይህን ደግሞ ለፖሊስ የሚደወለው ጥሪ ብዛት ብቻውን አያሳይም። «የሌባ መናኸሪያ» ካልሽ ደግሞ እዚያ የሚኖረውን ሁሉ፣ የተሰረቀበትን ጭምር፣ ሌባ አደረግሽው። «ስርቆት የሚበዛበት» ብትይ ማንንም አልሰደብሽም።

ሠንጠረዥ ውስጥ ቦታ ጠቦሽ «ሆት ስፖት» ማለት የግድ ከሆነብሽ፣ መጀመሪያ ላይ ስንት ጊዜ ሲደጋገም እንዲህ እንደምትዪው ጻፊ።